ለኪቦርድ የሚሆን አክቲቭ ስፒከር አመራረጥ

ቤት ውስጥ በኤርፎን ሲሰማ ልብ የሚነካ የፒያኖ ድምፅ መድረክ ላይ ሲወጣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። ተጫዋቹ በኪቦርዱ አሳብቦ ሌላ ይገዛል፤ አዲሱም ያው ይሆንበታል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው ስፒከሩ ላይ፣ ወይም ስፒከሩ በተሰካበትና በተቀመጠበት መንገድ ላይ ነው። አክቲቭ ስፒከር፣ ማለትም ድምፅ አጉሊው አምፕ ውስጡ ያለበትን፣ የሚሸጥ ሰው ስለ ዋትና ስለ ኢንች ያወራል፤ የኪቦርድ ተጫዋች ግን ጆሮውን መካከለኛው ድምፅ ላይ ቢያደርግ ይሻለዋል። ሁለቱ እጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚውሉት እዚያ ነው፤ ደካማ ስፒከርም መጀመሪያ የሚጋለጠው እዚያ ነው።

ስፒከሩ ምን ይጠበቅበታል

ጊታርና የጊታር አምፕ ተደምረው ነው አንድ መሣሪያ የሚሆኑት። አምፑ ድምፁን የራሱን ቀለም ይቀባዋል፤ ጊታሪስቱም የሚፈልገው ያንኑ ነው። የጊታር ስፒከር ከ5000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) በላይ ያለውን ድምፅ እምብዛም አያወጣም። ከኪቦርድ የሚወጣው ግን ያለቀለት ድምፅ ነው፦ ፒያኖው በማይክ ተቀድቶ፣ ተስተካክሎ፣ ኢፌክት ተጨምሮበት ነው የሚመጣው። የስፒከሩ ሥራ የተሰጠውን ሳይጨምርበትና ሳይቀንስበት ማድረስ ብቻ ነው። ኪቦርድ በጊታር አምፕ ሲጫወቱበት ፒያኖው የሚታፈነው፣ በቤዝ አምፕ ሲጫወቱበት ደግሞ የላይኛው ድምፅ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው።

88 ቁልፍ ባለው ኪቦርድ ላይ የመጀመሪያው ኤ 27.5 ኸርዝ፣ የመጨረሻው ሲ 4186 ኸርዝ ነው። ይህን ያየ ሰው 27.5 ኸርዝ የሚያወጣ ስፒከር ፍለጋ ይወጣል፤ አያስፈልገውም። የታችኛው ኦክታቭ ኖታዎች አብዛኛው ጉልበታቸው ያለው ከዋናው ድምፅ በላይ አብረው በሚነሡት፣ ሃርሞኒክስ በሚባሉት ድምፆች ውስጥ ነው። ጆሮ እነሱን ሰምቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። በአኮስቲክ ፒያኖም ቢሆን እዚያ ታች ያለው ዋና ድምፅ ደካማ ነው። ባንዱ ውስጥ ቤዝ ተጫዋች ካለ ደግሞ ቦታውን እሱ ይዞታል፤ ግራ እጅ እዚያ ሲገባበት የሁለቱም ድምፅ ይጨቀያል። ከዚህ የሚለየው በግራ እጁ ቤዝ የሚጫወት፣ የኦርጋን ፔዳል የሚረግጥ ወይም ሲንት ቤዝ የሚያዘወትር ሰው ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41.2 ኸርዝ ነው፤ የኦርጋን ፔዳል ደግሞ እስከ 32.7 ኸርዝ ይወርዳል። እንዲህ ላለው ሥራ ቢያንስ ባለ 12 ኢንች ስፒከር፣ ሲቻል ደግሞ ለወፍራም ድምፅ ብቻ የሚሆን ስፒከር፣ ሰብዉፈር፣ ያስፈልጋል።

ፒያኖ ለስፒከር ከባድ የሚሆነው በሌላ ምክንያት ነው። መዶሻው ገመዱን ሲመታ የሚፈጠረው የመጀመሪያው ምት ከአማካዩ ድምፅ በ10 ወይም በ15 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ሊበልጥ ይችላል። 10 ዴሲቤል ለመጨመር 10 እጥፍ፣ 15 ለመጨመር ከ30 እጥፍ በላይ ዋት ይጠይቃል። ስለዚህ ለስለስ ያለው አጨዋወት 10 ዋት ብቻ ቢወስድ፣ ኮርዱ በኃይል ሲመታ ለዚያች ቅጽበት ከ300 ዋት በላይ ይፈለጋል። ድሮ አምፑ ያን መስጠት ሲያቅተው ድምፁ ይሰነጠቅ ነበር። ዛሬ አብዛኛው አክቲቭ ስፒከር ሊሚተር ስላለው ከመሰንጠቁ በፊት ይጨቁነዋል፤ ጠንክረው ቢመቱም ቀስ ብለው ቢመቱም አንድ ዓይነት ይሆናል፣ ምቱ ይጠፋና የኮርዱ ጅራት ከኋላ እያበጠ ይመጣል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ኪቦርዱ ሕይወት እንደሌለው ያስባል። የጠፋው ግን የስፒከሩ ትርፍ አቅም ነው። ለኪቦርድ ትልቅ አምፕ የሚፈለገው ለመጮኽ ሳይሆን ለዚያች ቅጽበት ነው።

ዋትና ዴሲቤል እንዴት ይነበባሉ

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዋት ፒክ ነው፤ ለቅጽበት ብቻ የሚወጣው። አምፑ ያለማቋረጥ የሚሰጠው፣ ኮንቲኒየስ ወይም አርኤምኤስ ተብሎ የሚጻፈው፣ ብዙ ጊዜ የዚያ ግማሽ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ሁለት ስፒከር ሲያወዳድሩ አንዱን በፒክ፣ ሌላውን በኮንቲኒየስ እንዳያስተያዩ።

ዋት በእጥፍ ሲያድግ የሚገኘው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ በጆሮ ሲሰማ ትንሽ ከፍ ያለ ከመምሰል አያልፍም። ጆሮ እጥፍ ሆነ የሚለው ወደ 10 ዴሲቤል ሲጨመር ነው። ባለ 1000 ዋቱን ትቶ ባለ 2000 ዋቱን ለመግዛት ብቻ ብዙ ገንዘብ መጨመር የማያዋጣው ለዚህ ነው። ከዋት ይልቅ ማክስ ኤስፒኤል የሚባለውን ቁጥር ይመልከቱ፤ በ1 ሜትር ርቀት የሚደርስበትን ከፍተኛ ድምፅ በዴሲቤል ይነግራል። እሱም ብዙ ጊዜ ፒክ ነው፣ አንዳንዴም ተለክቶ ሳይሆን ተሰልቶ የተጻፈ ነው። ስለዚህ በአንድ ፋብሪካ ምርቶች መካከል ለማወዳደር ይጠቅማል፤ በተለያዩ ፋብሪካዎች መካከል ግን የ2 ወይም የ3 ዴሲቤል ልዩነትን አያምኑት።

ርቀቱንም ያስሉ። ክፍት ቦታ ላይ ርቀት በእጥፍ ባደገ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይጠፋል። በ1 ሜትር 126 የነበረው በ2 ሜትር 120፣ በ4 ሜትር 114፣ በ8 ሜትር 108 ይሆናል። ከዚህ ላይ ለፒያኖው ምት የሚተወውን 15 ዴሲቤል ይቀንሱ፤ በ8 ሜትር የሚቀረው አማካይ ድምፅ 93 ነው። አዳራሽ ውስጥ ግድግዳው ስለሚመልሰው ኪሳራው ከዚህ ያንሳል። ከበሮ ከሌለበት ትንሽ ስብስብ ጋር ለሚጫወት ሰው 120 ገደማ የተጻፈበት ስፒከር ይበቃዋል። ከበሮና ጊታር አምፕ ላለበት ባንድ ግን ከ126 በታች የሆነውን አለመግዛት ይሻላል።

ስፒከሩ የሚሸፍነው የድምፅ ክልልም ወጥመድ አለበት። 50 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ ተብሎ ሲጻፍ አጠገቡ ማይነስ 10 ዴሲቤል መባሉን ይፈልጉ። ይህ ማለት 50 ኸርዝ ላይ ድምፁ ከሌላው በ10 ዴሲቤል ወርዷል፤ ሊባል የሚችለው እየሞተ ነው። ያው ሳጥን በማይነስ 3 ዴሲቤል ቢለካ ከ60 ወይም ከ65 ኸርዝ ሊጀምር ይችላል። ለኪቦርድ የሚጠቅመው ሁለተኛው ቁጥር ነው።

ስንት ኢንች

ኢንቹ የሚለካው ዉፈሩን፣ ማለትም ታችኛውን ድምፅ የሚያወጣውን ትልቁን ክብ፣ ነው፤ ትልቅ ዉፈር ሁልጊዜ የተሻለ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ለቤዝና ለከበሮ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለፒያኖ ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ምክንያቱን መረዳት ምርጫውን ግማሽ ያቀለዋል።

አብዛኛው አክቲቭ ስፒከር ሁለት መንገድ ያለው ነው፦ ታችኛውንና መካከለኛውን ዉፈሩ፣ ላይኛውን ሆርን (መለከት መሳዩ አፍ) ውስጥ ያለው ትዊተር ያወጣዋል። ሥራው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፍበት ቦታ፣ ክሮስኦቨር፣ ብዙ ጊዜ 2000 ኸርዝ አካባቢ ነው። ዉፈር የሚያወጣው የድምፅ ሞገድ ከዉፈሩ ስፋት ሲያጥር ድምፁ መሰራጨቱን ትቶ እንደ ባትሪ መብራት ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል። የ1000 ኸርዝ ሞገድ ርዝመት 34 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ባለ 15 ኢንች ዉፈር ደግሞ 38 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ከ1000 ኸርዝ ጀምሮ ድምፁ እየጠበበ ይሄዳል። 2000 ላይ ሆርኑ ሲረከበው ደግሞ በድንገት ይሰፋል። ፊት ለፊት የቆመ ሰው ልዩነቱን አይሰማውም፤ ከጎን ያለ ሰው ግን በ1000 እና በ2000 መካከል ጉድጓድ ይሰማዋል። ኪቦርድ ላይ ይህ ከመካከለኛው ሲ ሁለት ኦክታቭ ላይ ያለው ሜሎዲ የሚዘመርበት፣ የመሃል ኮርዶች ጥራት የሚያገኙበት ቦታ ነው። ኪቦርድ ተጫዋች ደግሞ ከስፒከሩ ፊት ለፊት በትክክል የሚቆምበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ባለ 8 ኢንች ዉፈር ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ እስከ ክሮስኦቨሩ አካባቢ ድረስ ሰፊ ሆኖ ይቆያል። ይህን በግልጽ የሚያሳዩት ኪውኤስሲ የተባለው ፋብሪካ ሦስት የኬ.2 ስፒከሮች ናቸው። ሦስቱም ያው 2000 ዋት ፒክ የሚሰጥ አምፕ አላቸው፤ ባለ 8 ኢንቹ ድምፁን በ105 ዲግሪ ይረጫል፣ ባለ 10ሩ በ90፣ ባለ 12ቱ በ75። ክብደታቸው በቅደም ተከተል 12.2፣ 14.5 እና 17.7 ኪሎ ነው። ገዢው በኢንቹ የሚያተርፈው ታችኛ ድምፅና የተወሰነ ዴሲቤል ነው፤ የሚከስረው ስፋቱንና ወገቡን።

ለብዙ ሰው የሚመቸው ባለ 10 ኢንች ነው። ግራ እጅን በበቂ ይሸከማል፣ መሃሉ ላይ ጉድጓድ አይበዛም፣ አንድ ሰው በአንድ እጅ ያነሣዋል። በስቴሪዮ፣ ማለትም ግራና ቀኙን ለየብቻ፣ ለመጫወት ካሰቡ ሁለት ባለ 8 ኢንች ከአንድ ባለ 12 ይበልጣሉ። 12 ኢንች ተገቢ የሚሆነው ከላይ ለተጠቀሱት ለኦርጋንና ለግራ እጅ ቤዝ፣ ወይም ያው ስፒከር ለአዳራሹም የሚያገለግል ሲሆን ነው። ባለ 15 ኢንቹን ኪቦርድ ብቻ ለማጫወት መግዛት አይመከርም።

የትዊተሩንም መጠን ይጠይቁ። 1 ኢንች ዳያፍራም (የሚንቀጠቀጠው ስስ ክፍል) ያለው ትዊተር ወደ 2000 ኸርዝ ሲወርድ ይጨነቃል፤ ጮክ ሲል ከ2000 እስከ 4000 ኸርዝ ያለው ድምፅ ጆሮ ይበሳል። 1.4 ወይም 1.75 ኢንች የሆነው በዚያው ድምፅ ላይ ረጋ ይላል። በዋጋ ከሚበልጡ ስፒከሮች የሚገኘው ትልቁ ጥቅም ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ግን በትልቁ አይጻፍም።

ሌሎች አማራጮችን በአጭሩ። እንደ ሮላንድ ኬሲ ያሉ የኪቦርድ አምፖች ብዙ መግቢያና የራሳቸው ሚክሰር ስላላቸው ለልምምድ ይመቻሉ፤ በተመሳሳይ ክብደት ግን አክቲቭ ስፒከር የበለጠ ጥራትና ጉልበት ይሰጣል። ቀጭን ዓምድ መሳይ ስፒከሮች ድምፁን ወደ ጎን በጣም ያሰራጩታል፣ ለብቻው ለሚጫወት ሰው ግሩም ናቸው፤ ከበሮ ሲገባ ግን ትንንሾቹ ይሸነፋሉ። የስቱዲዮ ሞኒተር መድረክ ላይ አይውጣ፤ የተሠራው በ1 ሜትር ርቀት ዝግ ባለ ድምፅ ለማዳመጥ ስለሆነ አንድ ጠንካራ ኮርድ ትዊተሩን ሊያቃጥለው ይችላል። በባትሪ የሚሠሩት መንገድ ላይ ለመጫወት ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን በብሉቱዝ ኪቦርድ ማጫወት አይሞከርም። መዘግየቱ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ስለሆነ ጣት ከተጫነ በኋላ ነው ድምፁ የሚመጣው።

ሞኖ ወይስ ስቴሪዮ

የኪቦርድ ድምፅ መድረክ ላይ እንዲበላሽ ከሚያደርጉት ነገሮች ሁሉ በጣም የተለመደውና በጣም የማይታወቀው ስቴሪዮውን ደምሮ በአንድ ስፒከር፣ ማለትም በሞኖ፣ ማጫወት ነው። ኪቦርዱ ውስጥ ያለው ፒያኖ ብዙ ጊዜ በሁለት ማይክ ወይም ከዚያ በላይ የተቀዳ ስቴሪዮ ነው። ያው ምት ሁለቱ ማይኮች ጋ የደረሰው በተለያየ ሰዓት ነው። ሁለቱ በአንድ ስፒከር ሲደመሩ አንዳንዱ ድምፅ ይጠናከራል፣ አንዳንዱ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ውጤቱ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል፣ መሃሉ የተበላ ፒያኖ ነው። በኤርፎን ያማረው መድረክ ላይ ቆርቆሮ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በአንድ ስፒከር ለመጫወት ከተገደዱ የሚሞከሩት ነገሮች በዚህ ቅደም ተከተል ናቸው። መጀመሪያ ኪቦርዱ ውስጥ ሞኖ ፒያኖ የሚል ድምፅ ካለ እሱን ይምረጡ፤ ከመጀመሪያው ለዚህ ታስቦ የተሠራ ነው። ከሌለ ኤል/ሞኖ የተጻፈበት መውጫ ላይ ብቻ ይሰኩ፣ ያሉትን ፒያኖዎች አንድ በአንድ ያዳምጡ፤ አንዱ ከሌላው በጣም ይሻላል። ያም ካልሠራ ቀኙ መውጫ ላይ ባዶ ጃክ ይሰኩበት። ያኔ ኤል/ሞኖ የተባለው ሁለቱን መደመሩን ትቶ ግራውን ብቻ ያወጣል፣ መጠፋፋቱም ይቆማል። ፒያኖው በተጫዋቹ አቅጣጫ የተቀዳ ከሆነ በግራው በኩል የላይኛዎቹ ቁልፎች ትንሽ ሊያንሱ ይችላሉ፤ በቀኙ ብቻ ሞክረው የተሻለውን ይያዙ።

ከግራ ወደ ቀኝ የሚመላለሰው የኤሌክትሪክ ፒያኖ ኢፌክትም በሞኖ ሲደመር ይጠፋል። በአንድ ጎን ብቻ ከተወሰደ ደግሞ ከፍ ዝቅ እያለ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ይሆናል፤ እሱም ቢሆን አያስጠላም። የሚዞር ስፒከር የሚያስመስለው የኦርጋን ኢፌክት፣ ሮታሪ፣ በሞኖ መዞሩ ቢቀንስም ይሠራል።

ሁለት ስፒከር ሲኖር ይህ ሁሉ ይቀራል። በመካከላቸው ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ተራርቀው ወደ ተጫዋቹ ጥቂት ቢዞሩ ይበቃል። አንዱ መድረክ ላይ ቢበላሽ በሌላው ፕሮግራሙ ይጨረሳል። ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከበቃ ዛሬ አንድ ባለ 10 ኢንች ገዝቶ ቆይቶ ያንኑ ሞዴል መድገም ይቻላል፤ ሁለት የተለያዩ ስፒከሮችን ግራና ቀኝ ማድረግ ግን ስቴሪዮውን ያጣምመዋል።

መሰካት

ከኪቦርድ የሚወጣው ላይን ሲግናል፣ ማለትም ከማይክ የሚበረታ ሲግናል፣ ነው። ስፒከሩ ጀርባ ማይክና ላይን የሚል ማብሪያ ካለ ላይን ላይ ይሁን። ማይክ ላይ ከተረሳ ኖቡን ገና ትንሽ ሲነኩት ድምፁ ይፈነዳል፣ ይሰነጠቃልም።

አንዳንድ ኪቦርድ ከኤርፎን ሌላ መውጫ የለውም። የኤርፎኑ ጃክ ሦስት ክፍል ነው፦ ግራ፣ ቀኝና ግራውንድ። የስፒከሩ መግቢያ ደግሞ ባላንስድ፣ ማለትም አንዱን ድምፅ በሁለት ሽቦ የሚቀበል፣ ስለሆነ ሦስት ክፍል ያለውን ጃክ ሲያገኝ ከአንዱ ሌላውን ይቀንሳል። በሁለቱም ጆሮ እኩል ያለው ድምፅ፣ ማለትም የኮርዱና የሜሎዲው አብዛኛው ክፍል፣ ይሰረዝና የቀረው ሪቨርቡ (ማስተጋባቱ) ብቻ ይሆናል። ሰው ስፒከሩ ተቃጠለ ብሎ ይመልሰዋል። መፍትሔው ከአንድ ስቴሪዮ ጃክ ወጥቶ ወደ ሁለት ሞኖ ጃክ የሚከፈል ኬብል ነው፤ ግራው ወደ አንዱ መግቢያ፣ ቀኙ ወደ ሌላው።

ተራው የጊታር ኬብል እስከ 5 ወይም 6 ሜትር ድረስ ችግር የለውም። ከዚያ በላይ ከሆነ ሲግናሉን ወደ ባላንስድ የሚቀይረውን ትንሽ ሳጥን፣ ዲአይ ቦክስ፣ አስገብቶ በኤክስኤልአር (የማይክ ኬብል) መሄድ ይሻላል። ጃኩ ያው ስለሆነ ብቻ አምፕ ከሌለው ስፒከር ጋር የሚሠራውን ኬብል አይጠቀሙ፤ ሽቦው በመጋረጃ አልተሸፈነምና በዙሪያው ያለውን ጫጫታ ሁሉ ይለቅማል።

ኪቦርዱ በአንድ በኩል ከእርስዎ ስፒከር፣ በሌላ በኩል ከዋናው ሚክሰር ጋር ሲገናኝ እምምም የሚል የ50 ወይም የ60 ኸርዝ ድምፅ ይመጣል። ግራውንዱ በሁለት መንገድ ስለዞረ ነው። መጀመሪያ ሁሉንም ከአንድ ዲቫይደር ላይ ይሰኩ። ካልጠፋ ትራንስፎርመር ያለው ዲአይ ቦክስ ወደ ሚክሰሩ በሚሄደው መስመር ላይ አስገብተው ግራውንድ ሊፍት የሚለውን ይጫኑ። የኤሌክትሪክ ሶኬቱን የግራውንድ እግር መስበር ወይም በፕላስተር መሸፈን ግን ሰው ይገድላል፤ እምታው ይጠፋል፣ የተጫዋቹ መከላከያም አብሮ ይጠፋል።

ወደ አዳራሹ የሚሄደውን የገባውን ድምፅ ወደ ሌላ ከሚያሳልፈው የስፒከሩ ትሩ ወይም ሊንክ መውጫ ሲወስዱ ከኖቡ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን አስቀድመው ይፈትኑ። ከኖቡ በኋላ ከሆነ እርስዎ የራስዎን ድምፅ ከፍ ባደረጉ ቁጥር አዳራሹም አብሮ ይጮኻል፣ ሳውንድ ሰውየው ይቸገራል።

ድምፁን ሲያስተካክሉ የኪቦርዱን ቮሊውም ሦስት አራተኛ ላይ ያድርጉ፣ የስፒከሩን ከዜሮ እያሳደጉ ይሂዱ። በተቃራኒው ኪቦርዱን ዝቅ፣ ስፒከሩን ከፍ ካደረጉ ሽሽታው ይበዛል። ሲያበሩ ኪቦርዱ ይቅደም፣ ስፒከሩ ይከተል፤ ሲያጠፉ ስፒከሩ ይቅደም። አዲስ ስፒከር መጀመሪያ ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈው ቮልት ይታይ። አንዳንዱ ከ100 እስከ 240 በራሱ ይቀበላል፣ አንዳንዱ ግን 115 እና 230 የሚል መቀየሪያ አለው። በ115 ላይ ሆኖ 230 ላይ የተሰካ አምፕ ወዲያው ይሄዳል።

ሲገዙ መፈተን

የራስዎን ኪቦርድና የራስዎን ኬብል ይዘው ይሂዱ። ሱቅ ውስጥ ስልክ ላይ ዘፈን ከፍቶ ማዳመጥ ለኪቦርድ ብዙም አይነግርም፤ የተቀረፀ ዘፈን ምቱ አስቀድሞ ተጨቁኖ የተስተካከለ ነው፣ የእጅዎ ኮርድ ግን አይደለም። የስፒከሩን ቤዝና ትሬብል መሃል ላይ ያድርጉ፣ የተለየ ሞድ ካለው ያጥፉ። ኖቡን ከፍ አድርገው ምንም ሳይጫወቱ ሽሽታውንና የፋኑን ድምፅ ያዳምጡ፤ ጸጥ ያለ ቦታ ለሚጫወት ሰው የፋን ጩኸት ብቻውን ስፒከር የሚያስመልስ ነው።

ከዚያ ፒያኖውን መርጠው ከታች እስከ ላይ እያንዳንዱን ቁልፍ፣ ጥቁሩንም ነጩንም፣ በእኩል ጉልበት ይጫኑ። ድንገት የሚያብጥ ወይም የሚጠፋ ኖታ ካለ ስፒከሩ ወይም ክፍሉ ነው፤ ስፒከሩን አንድ ሜትር አንቀሳቅሰው ይድገሙት። ቦታው ሲቀየር ኖታውም ከተቀየረ ጥፋቱ የክፍሉ ነው። ቀጥሎ በሁለት እጅ መሃሉ ላይ ሰፊ ኮርድ በሙሉ ኃይል እየመቱ ድምፁን ከፍ ያድርጉ። ኖታዎቹ ተለይተው መሰማታቸውን ሲያቆሙና የሊሚት መብራቱ ሲበራ የስፒከሩ ዳር እሱ ነው። ባንድ ውስጥ የሚያስፈልግዎ ድምፅ ከዚያ ዳር በደንብ ዝቅ ያለ መሆን አለበት። በመጨረሻ አንድ ሰው ያንኑ ኮርድ እየደጋገመ ሲጫወት ከስፒከሩ ፊት ተነሥተው እስከ ጎኑ 45 ዲግሪ ድረስ ይራመዱ። ፒያኖው ከቦታ ቦታ ባሕርዩን ከቀየረ ከላይ የተባለው ጉድጓድ ያለው ነው።

ከ1 ሜትር ባነሰ ርቀት አይፍረዱ። ዉፈሩና ሆርኑ ተዋሕደው አንድ የሚሆኑት 1.5 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ቀርበው ካዳመጡ ጥሩውም ስፒከር የተከፈለ ይመስላል።

አቀማመጥ

ያው 1.5 ሜትር መድረክ ላይም ይሠራል። ስፒከሩ ወንበሩ ሥር ተወትፎ ሆርኑ ጉልበት ላይ ሲተኩስ ተጫዋቹ ራሱን አይሰማም፣ ስለዚህ ይጨምራል፤ ፊት ለፊት የተቀመጠው ተመልካች ደግሞ ጆሮውን ይይዛል። ሆርኑ ወደ ተጫዋቹ ጆሮ እንዲያይ ይደገፍ ወይም በስታንድ ከፍ ይበል። ስፒከሩ በጎኑ ተኝቶ እንደ ሞኒተር ሲያገለግል 90 በ60 የነበረው ሆርን 60 በ90 ይሆናል፣ ማለትም ወደ ጎን ይጠብባል፤ ሆርኑን ፈቶ ማዞር የሚቻልበት ሞዴል ከሆነ ያዙሩት።

ወለል ላይ የተቀመጠ ስፒከር ታችኛው ድምፁ ይጨምራል፣ ግድግዳ ጥግ ላይ ከተደረገ ደግሞ የበለጠ ያብጣል፤ ፒያኖው ይጨቀያል። ያኔ ጥፋቱን ፈልጎ ከ100 እስከ 300 ኸርዝ መካከል ጥቂት መቀነስ እንጂ ትሬብል መጨመር አያድንም። ብዙ ስፒከሮች ለዚሁ ሞኒተር የሚል ሞድ አላቸው፤ ታችኛውን ቀንሶ ይሰጣል። ሞኒተር ላይ ረስተው በስታንድ ሲያወጡት ግን ፒያኖው ይሳሳል፤ ከፕሮግራም በፊት የሚታይ ነገር ነው።

ያገለገለ ሲገዙ

ያገለገለ አክቲቭ ስፒከር ጥሩ ግዢ ሊሆን ይችላል፣ ጉዳቱ ግን ከውጭ አይታይም። ዉፈሩን በዙሪያው በጣቶች እኩል አድርገው ቀስ ብለው ይግፉት፤ የሚፋቅ ድምፅ ካለ ዉፈሩን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል፣ ኮይሉ፣ ተጣሟል። ቤዝ ድምፅ መርጠው ታችኛዎቹን ኖታዎች ረዘም አድርገው ይያዙ፤ የሚንቀጠቀጥ ነገር የላላ ብሎን ከሆነ ይስተካከላል፣ ከዉፈሩ ራሱ ከመጣ ግን ይተዉት። ለትዊተሩ ዋሽንት ወይም ንጹሕ ሳይን የሆነ ሲንት ድምፅ መርጠው የላይኛዎቹን ሁለት ኦክታቮች አንድ በአንድ ይጫወቱ፤ ንጹሑ ድምፅ ላይ አሸዋ የገባ የሚመስል ከሆነ ዳያፍራሙ ተጎድቷል። መለወጫው ለብዙ ታዋቂ ሞዴሎች ለብቻው ይሸጣል፤ አምፕ ሞጁሉ ከተቃጠለ ግን ጥገናው ከስፒከሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በደንብ ጮክ አድርገው ሳያጫውቱት፣ ሲሞቅ የሚቆራረጥ መሆኑን ሳያዩና መግቢያዎቹን ሁሉ በየተራ ሳይሰኩ ሂሳቡን አይክፈሉ።